አቡነ ዘበሰማያት እና የጓደኛዬ ዕዳ

አቡነ ዘበሰማያትን መቼ እንደተማርኩት አላስታውስም። እኛ ቤት ማዕድ ሲቀርብም ሲነሳም ይደገማል። ለቅሶ ቤትም ማኅበር ላይም ያው ነው። አፌ በራሱ ጊዜ ይወጣዋል። ችግሩም እዚያው ጋ ነው፤ አፌ ሲጸልይ ልቤ ሌላ ቦታ ነው።

አምና አንድ ማታ ልተኛ ስል እንደልማዴ እየደገምኩ ቴሌግራም እያየሁ ነበር። አንድ ጓደኛዬ 18 ሺህ ብር ተበድሮኝ፣ "በወሩ መጨረሻ እመልሳለሁ" ካለኝ ዘጠኝ ወር አልፏል። መጀመሪያ ስልክ ማንሳት ተወ፤ ቀጥሎ መልእክቴን እያየ ዝም ማለት ጀመረ። አፌ ስለ ይቅርታ ሲያወራ ዓይኔ "ከአምስት ደቂቃ በፊት ታይቷል" የሚለው ላይ ነበር። "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" የሚሉት እኔን ነው ለካ!

ስልኬ ላይ ያለውን መጽሐፍ ቅዱስ ከፍቼ ማቴዎስ ምዕራፍ 6ን በደንብ አነበብኩት። ጸሎቱ ውስጥ ስለ ስሙ፣ ስለ መንግሥቱ፣ ስለ ፈቃዱ፣ ከዚያም ስለ እንጀራ፣ ስለ ይቅርታና ስለ ፈተና እንለምናለን። ከሁሉም "እኛም እንዲህ እናደርጋለን" የሚል የራሳችን ቃል የተያያዘበት ይቅርታው ብቻ ነው። ጌታችን ጸሎቱን አስተምሮ ሲጨርስ መለስ ብሎ ያብራራውም ይህንኑ ነው፤ ቁጥር 14 እና 15 ላይ ታገኙታላችሁ። በግሪኩ የማቴዎስ ወንጌል በዚህ ቦታ ላይ ያለው ቃል ደግሞ በቀጥታ ሲተረጎም "ዕዳ" ማለት ነው።

ታዲያ ብሬን ልተወው ማለት ነው? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። መልስ ያገኘሁት ማቴዎስ 18 ላይ ካለው የባለዕዳው አገልጋይ ታሪክ ነው። ጌታው እልፍ መክሊት ተወለት፤ እሱ ግን መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ ያዘ። እኔ መቶው ዲናር ሳንቲም ቢጤ ይመስለኝ ነበር። ግን አንድ ዲናር የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነበር። መቶ ዲናር ማለት ከሦስት ወር በላይ ላብ ነው። ወንጌሉ "የተወሰደብህ ነገር ምንም አይደለም" አላለኝም። ለእኔ የተተወልኝ ግን ከዚህ ጋር አይወዳደርም ነው ያለኝ፤ አንዱ መክሊት ብቻ 6 ሺህ ዲናር ገደማ ነው።

ሌላም ነገር አየሁ። ያ ባልንጀራ የለመነው ዕዳው እንዲሰረዝለት አልነበረም፤ "ታገሠኝ፣ እከፍልሃለሁ" ነው ያለው። የአገልጋዩ ጥፋት ገንዘቡን መጠየቁ ሳይሆን ማነቁ ነበር። እኔስ? ለጋራ ጓደኞቻችን ሁሉ "ሌባ ነው" ብዬ አውርቻለሁ። ያነቅኩት በእጄ አይደለም እንጂ አንቄዋለሁ።

በነጋታው እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ "ብሩን ስትችል ከፋፍለህ ስጠኝ። ካልቻልክም ንገረኝ። ለልጆቹ ስላንተ ያወራሁት ግን ልክ አልነበረም፤ ይቅርታ።" ሁለት ቀን ዝም አለ። ከዚያ የድምፅ መልእክት መጣ። ሥራ ከለቀቀ ወራት አልፎታል፤ አፍሮ ነው የጠፋው። በሳምንቱ በቴሌብር 2 ሺህ ብር ላከ።

16 ሺው እስከ ዛሬ አልመጣም። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ትዝ ሲለኝ ይቆጨኛል። ደግሞም ይቅር ማለት ሌላ፣ ሁለተኛ ማበደር ሌላ ነው። ግን ማታ ማታ ኦንላይን መሆኑን ማየት ትቻለሁ።

አሁን ስጸልይ አንድ ቃል ላይ ቀስ እላለሁ። ጸሎቱ ውስጥ "እኔ" የለም፤ ሁሉም "እኛ" ነው። የዕለት እንጀራ ስለምን እሱም እዚያ "እኛ" ውስጥ አለ። እናንተስ፣ ዛሬ ማታ ስትደግሙት ማን ትዝ ይላችኋል?