የወለቃ የሸክላ ምስሎችና የመሬት ጥያቄ

ወለቃ ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ መንደር ናት። የምትታወቀው በሸክላ ምስሎቿ ነው። እንስራ የተሸከመች ሴት፣ ልጇን ያቀፈች እናት፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ የዳዊት ኮከብ ያለበት አንበሳ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ ሁሉም በመዳፍ የሚያዙ ሆነው ይሠራሉ። ስሜንን ለማየት የቸኮለ መንገደኛ እንደ ተራ የጎብኚ ማስታወሻ አይቷቸው ያልፋል። እኔ ግን የስሜን ግርጌ ከአየር ንብረት ፍትሕ ጋር ያለውን ጉዳይ እነዚህን ምስሎች ያህል የሚያስረዳ ሌላ ሥራ በአካባቢው አላውቅም።

የጥበቡ ባለቤቶች የቤተ እስራኤል ሴቶች ናቸው። ይህ ማኅበረሰብ በስሜን፣ በወገራና በደምቢያ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል፤ በስሜን አምባዎች ላይም እስከ 17ኛው መቶ ዓመት ድረስ ከነገሥታቱ ሠራዊት ጋር ተዋግቷል። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሠው አፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ አዘዘ። የታሪክ ጸሐፊዎች በትእዛዙ ዝርዝር ላይ ይከራከራሉ፤ የሆነው ነገር ግን ግልጽ ነው። ቤተ እስራኤል በአመዛኙ ርስት አጥተው በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኑ። ርስት የሌለው በእጁ ሙያ ማደር አለበትና ወንዶቹ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔና ግንበኛ ሆኑ፤ የጎንደርን አብያተ መንግሥት ካነጹት እጆች መካከል የእነሱም ነበሩበት። ሴቶቹ ሸክላ ያዙ። ገበሬው ያለ እነሱ ማረሻ አያርስም፣ ቤቱም ያለ እነሱ ምጣድ እንጀራ አይጋገርም ነበር። ያው ገበሬ ግን ቡዳ ናቸው ብሎ ይሸሻቸው ነበር። ይህን በደል ዘሎ ስለ ወለቃ ጥበብ ውበት ብቻ መናገር ሐቀኝነት አይደለም።

መሬት ባይኖራትም፣ አፈርን እንደ ሸክላ ሠሪ የሚያውቅ የለም። የትኛው አፈር እንደሚለጠጥ፣ የትኛው እንደሚሰነጠቅ በጣቷ ታውቃለች። አፈሩ ተቆፍሮ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ጠጠሩና ሥራሥሩ ይለቀማል፤ ከዚያ በውሃ ርሶ ይቦካል። የተሰበረ ሸክላ፣ ማለትም ገል፣ ተፈጭቶ ይቀላቀልበታል፤ ዕቃው ሲደርቅና እሳት ሲያገኘው እንዳይሰነጠቅ የሚይዘው እሱ ነው። መንኮራኩር የለም። ሁሉም ነገር የሚቆመው በእጅ ነው፤ ጭቃው እየተድቦለቦለ፣ እየተደራረበ፣ በጣት እየተዳመጠ ቅርጽ ይይዛል። ከዚያ በጥላ ሥር ይደርቃል፣ በለሰለሰ ጠጠር ይታሻል። የሚተኮሰውም ሜዳ ላይ፣ በእንጨት፣ በኩበትና በገለባ ነው። ጥቁሩ መልክ ከቀለም የመጣ አይደለም፤ ዕቃው ገና ከእሳት እንደወጣ ግሎ ሳለ በገለባ ወይም በመሰለው ነገር ሲታፈን ጭሱ ገላው ውስጥ ይገባል።

ምስል ከምጣድ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። ወፈር ያለ ጭቃ ውስጡ ቶሎ አይደርቅም፤ በአንበሳው ሆድ ጥቂት እርጥበት ከቀረ እሳት ውስጥ እንፋሎት ሆኖ ምስሉን ያፈነዳዋል። ስለዚህ ዋናው የሥራ ወቅት በጋ ነው። ያለ ጊዜው የሚጥል ዝናብ ለገበሬው የአውድማ ላይ እህሉን እንደሚያበላሽበት፣ ለሸክላ ሠሪዋም ለመተኮስ ያዘጋጀችውን ዕቃ ያበላሽባታል። የገበሬው ጉዳት ቢያንስ በሪፖርት ይጻፋል። የእሷን የሚመዘግብላት የለም።

ምስል መሥራቱ ከእንስራና ከምጣድ በኋላ የተስፋፋ ሙያ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት ወደ ጎንደር የሚመጣው የውጭ ጎብኚ ሲበዛ፣ ሴቶቹ እንስራ ጭኖ አውሮፕላን የሚሳፈር እንደሌለ አይተው፣ ሻንጣ ውስጥ የሚገባውን ሠሩ። ለገበያ ስለተሠራ ብቻ ጥበቡን የሚያናንቁ አሉ። አልስማማም። ሴቶቹ ስለ ራሳቸው እንዲናገሩ ማንም ባልጠየቃቸው ዘመን፣ ኑሯቸውንና እምነታቸውን በራሳቸው እጅ ቀርጸው ለዓለም ልከዋል።

ከዚያ ባለሙያዎቹ ሄዱ። እ.ኤ.አ. ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን፣ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ተጓዙ። በሁለተኛው ዘመቻ ብቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ ተወስደዋል። ዛሬ ወለቃ ላይ ሸክላ የሚሠሩት በአብዛኛው ክርስቲያን ሴቶች ናቸው። በመንደሩ የተቋቋመው የፕላውሼር የሴቶች የእደ ጥበብ ማሠልጠኛም የገቢ ምንጭ ለሌላቸው ሴቶች ጥቁር ሸክላና ሽመና ያስተምራል። እምነቱ ተለውጧል፤ ሙያውን የሚይዘው ግን ዛሬም በአብዛኛው ሌላ ገቢ የሌለው ነው።

የሸክላ ሥራ ከአየር ንብረት ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ካለ፣ ነባር ሕዝቦች በቅርጻ ቅርጽ ስለ መሬታቸው ሲሟገቱ በሌላ አገርም ታይቷል። በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ የሚኖሩት የላሚ ሕዝብ ቀራጮች ከግዙፍ ዝግባ ምሰሶ እየጠረቡ፣ በመኪና ጭነው ከአገር አገር እያዞሩ ሲሟገቱ ኖረዋል። በጥንት ቦታቸው አጠገብ ሊሠራ የታቀደው የድንጋይ ከሰል ወደብ እ.ኤ.አ. በ2016 ፈቃድ ተከለከለ፤ በ2021 ደግሞ ሰባት ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝም ምሰሶ እስከ ዋሽንግተን ዲሲ ወስደዋል። የወለቃ ሴቶች እንዲህ ያለ ሰልፍ አልወጡም፤ በስማቸውም ያልተናገሩትን መፈክር አልለጥፍም። ሆኖም የላሚዎች ምሰሶም የወለቃ ሸክላም የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ መሬቱ ሲጎዳና መሬቱ ሲጠበቅ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

ጥያቄው ደባርቅ ላይ በግልጽ ይታያል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ። ዋልያው እየተመናመነ፣ ጓሳው እየተጋጠ፣ ገደላማው እየታረሰ ነበርና ሥጋቱ እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በፓርኩ ውስጥ ከነበረችው የግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ደባርቅ ዳር እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ በቀጣዩ ዓመት ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ዋልያ እንዲተርፍ እፈልጋለሁ። ግን ገብስ ዘርቶ፣ በግ አርብቶ የኖረ ሰው ያለ እርሻና ያለ ግጦሽ ከተማ ዳር ሲሰፍር፣ ከጥንቷ የወገራ ሸክላ ሠሪ ጋር አንድ ችግር ላይ ይወድቃል፤ ከሁለት እጁ በቀር የሚያድርበት የለውም። መሬቱ ሲጎዳም ዋጋው እዚሁ ይከፈላል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ክረምት ዝናቡ ሲቀር የአካባቢው ወረዳዎች ጃናሞራ፣ በየዳና ጠለምት በድርቅ ተመቱ። ሆኖም ኢትዮጵያ ዓለምን ከሚያሞቀው ጋዝ የምትለቀው 1 በመቶ አይሞላም።

ሸክላውም ቢሆን ከጥፋት የነጻ አይደለም። ሜዳ ላይ የሚነድ እሳት ሙቀቱ ይባክናል፤ እንጨት ይበላል። ይህን የሚፈታው ሙያውን ማውገዝ ሳይሆን በማኅበር የሚሠራ፣ ሙቀት የሚይዝ መተኮሻ ነው። ሸክላ ሠሪ ራሷም የመፍትሔው አካል ናት። ላቀች በተባለው ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ውስጥ ሙቀቱን የሚይዘው የሸክላ ክፍል የእሷው ሙያ ነው። ሦስት ጉልቻ ላይ የሚነደውን እንጨት የሚቀንስ ምድጃ ለመሥራት ከእሷ የተሻለ እጅ የት ይገኛል?

ስለዚህ ለደባርቅና ለዳባት ሆቴሎች፣ ሎጆችና አስጎብኚዎች የምለው ይህን ነው፤ ጀበናውን፣ ድስቱን፣ ምድጃውን ከእነዚህ ሴቶች ግዙ፤ ምስላቸውንም የሠራችውን ሴት ስም ጽፋችሁ ሽጡ። ለወረዳዎቹ ደግሞ፦ የሸክላ አፈር የሚወጣባቸውን ጉድጓዶችና ለማገዶ የሚሆን የዛፍ ቦታ በሸክላ ሠሪዎች ማኅበራት ስም መዝግቡ፤ የይዞታ ደብተሩንም በእጃቸው ስጧቸው።