በጥላ የምታብበው አፍሪካን ቫዮሌት

አፍሪካን ቫዮሌት ቁመቷ ከስንዝር እምብዛም የማያልፍ፣ ቅጠሏ ወፍራምና እንደ ከፋይ ለስላሳ የሆነ የቤት ውስጥ ተክል ናት። ሐምራዊ፣ ሮዝ ወይም ነጭ ታብባለች፤ ከተመቻትም ዓመቱን ሙሉ በየተራ እምቡጥ ትቋጥራለች። ብዙ ቤት ግን ቅጠሏ ለምልሞ አበባ እምቢ ትላለች። ምክንያቱ ችላ መባል ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ያለልክ መንከባከብ ነው።

አገሯ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ጀርመናዊው የቅኝ ግዛት ሹም ዋልተር ፎን ሴንት ፖል-ኢሌር በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ በኡሳምባራ ተራሮች አግኝቷት ወደ አውሮፓ ላካት። የቀድሞ ሳይንሳዊ ስሟ ሴንትፖሊያም ከእርሱ የመጣ ነው። እዚያ ከትልልቅ ዛፎች ሥር፣ የድንጋይ ሽበት በለበሰ ዐለት ስንጥቅ ውስጥ ታድጋለች። አየሩ እርጥብ፣ አፈሯ ጥቂት ነው፤ ውሃም አይተኛባትም። የእንክብካቤዋ ሁሉ ቁልፍ ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ብርሃን ነው። ሲያንሳት የቅጠሏን አገዳ እያስረዘመች አበባውን ትተዋለች፤ የቀትር ፀሐይ ሲያገኛት ደግሞ ቅጠሏ ይቃጠላል። የጧት ፀሐይ የሚገባበት የምሥራቅ መስኮት ይስማማታል። የክረምቱ ቀን አጭር በሆነበት አውሮፓ የሚኖር ሰው በቀን 12 ሰዓት ያህል መብራት ሊያበራላት ይችላል። ሌሊቱን ግን ጨለማ ትፈልጋለች።

ውሃ ስታጠጧት ላይዋ ላይ አታፍስሱ። ቀዝቃዛ ውሃ ቅጠሏ ላይ ሲያርፍ የማይለቅ የገረጣ ነጥብ ይተዋል። የላይኛው አፈር ደረቅ ሲል፣ ከሥሩ ቀዳዳ ያለውን መትከያዋን ለብ ያለ ውሃ በያዘ ሰሐን ላይ አስቀምጡት። ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ አፈሩ ላይ እርጥበት ሲታይ አንሡት፤ የተረፈውን ውሃ ድፉት። ሰሐኑ ላይ ከተዋችሁት ሥሯ ይበሰብሳል።

ትልቅ መትከያም አይጠቅማትም። ሰፊ አፈር ውሃ ይዞ ይቆያል፣ እርሷም ከአበባ ይልቅ ሥር በመስደድ ትጠመዳለች። የመትከያው ስፋት የቅጠሎቿን ስፋት ሲሶ ቢያህል ይበቃታል። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያም የሚያፋፋው ቅጠሏን ነው።

ስለዚህ አላብብ ስትላችሁ ማዳበሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ወደ መስኮቱ አስጠጓት፤ የጠወለገውን አበባ ቅጠፉላት። እምቡጥ እስክትቋጥር ሳምንታት ይፈጅባታልና፣ እስከዚያው ቦታዋን ሳትቀያይሩ ታገሷት።