ዕለቱና ሰዓቱ፦ ቤተ ክርስቲያን የሳምንት አምልኮ መርሐ ግብሯን ስለ ተልእኮ ስትለውጥ

(ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ትምህርታዊ ንግግር የተገለበጠ ጽሑፍ፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



 የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የጽሕፈት ቤት ሥራ ይመስላል። አንዲት ቤተ ክርስቲያን የሳምንት አምልኮዋን ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው፣ ከጠዋት ወደ ማታ፣ ከአንድ ጉባኤ ወደ ሁለት ስታዛውር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሚለወጠው አንድ መስመር ብቻ ነው። ከዚያ መስመር በስተጀርባ ግን ትምህርተ ሃይማኖት፣ የጾም ሥርዓት፣ የሥራ ሕግና የቤተሰብ ኑሮ ተሳስረው ይገኛሉ።

ላስረዳ የምሻው ነጥብ አንድ ነው። ዕለቱ በአብዛኛው ትምህርትን ይሸከማል፤ ሰዓቱ ደግሞ ሰዎችን ይሸከማል። ስለዚህ አንድ ለውጥ በእውነት የተደረገው ለተልእኮ መሆኑን ለማወቅ፣ በለውጡ ምክንያት ማን መምጣት እንደ ቻለና ማን እንደ ቀረ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከራሳችን ታሪክ ልጀምር። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርታቸው ቀዳሚት ሰንበት እንደ እሑድ ሁሉ እንድትከበር ያስተምሩ ነበር። የእስክንድርያን ልማድ የሚከተለው የቤተ ክርስቲያን አመራር ይህን አልተቀበለም። ኤዎስጣቴዎስ ከአገር ወጥተው በአርመን ምድር ዐረፉ፤ ተከታዮቻቸውም ከክህነት ማዕርግ ተገልለው በሰሜን በየገዳማታቸው ተወሰኑ። ነገር ግን እየበዙ ሄዱ እንጂ አልጠፉም። በመጨረሻም በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ የተሰበሰበው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ወሰነ፤ ከግብፅ የመጡት ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤልም ተስማሙ። ተገልለው የኖሩት መነኰሳት ወደ አንድነቱ ተመለሱ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ ክርክሩ ስለ ዕለት ስለ ነበረ እልባት ለማግኘት ከመቶ ዓመት በላይ መፍጀቱ ነው፤ ዕለት ትምህርትን ይሸከማል ያልሁት ስለዚህ ነው። ሁለተኛው፣ ውሳኔው የቀን መቁጠሪያ ማስተካከያ ብቻ አለመሆኑ ነው። የተከፈለችው ቤተ ክርስቲያን አንድ ሆና እንድታስተምር በር ከፍቷል።

ከዕለት ወደ ሰዓት እንሻገር። የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ለቍርባን ከእኩለ ሌሊት ጀምረው እህልና ውኃ ሳይቀምሱ እንዲቀርቡ ታዝዝ ነበር። በዚህም የተነሣ ቅዳሴ የጠዋት አገልግሎት ሆኖ ኖረ። በፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ ሰው፣ ወይም አንድ ካህን ብዙ መንደር በሚያዳርስበት የሚሲዮን አገር የሚኖር ምእመን በዚያ ሰዓት ሊገኝ አይችልም። በ1953 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ሥርዓቱን አላሉ፤ በተወሰኑ ሁኔታዎችም የማታ ቅዳሴ ተፈቀደ። በ1957 ጾሙ ከቍርባን በፊት ወደ ሦስት ሰዓት፣ በ1964 ደግሞ ወደ አንድ ሰዓት አጠረ። በ1967 የወጣው መመሪያ፣ ፈቃዱ በተሰጠበት ስፍራ ቅዳሜ ማታ ያስቀደሰ ሰው የእሑድን ግዴታ እንደ ፈጸመ እንዲቈጠር ደነገገ። ይኸው በ1983ቱ የቀኖና መጽሐፍ የሁሉ ሕግ ሆነ።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ሰዓቱን ለማንቀሳቀስ አስቀድሞ ጾሙ መንቀሳቀስ ነበረበት። እሑድም አልተሻረችም፤ በጥንቱ ልማድ የበዓል መግቢያ ዋዜማው ነውና ቅዳሜ ማታ በእሑድ ውስጥ ተቈጠረ። መርሐ ግብር ብቻውን የቆመ ነገር አይደለም፤ አንዱን ክር ስትስቡ ሌላው አብሮ ይመጣል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም የቅዳሴ ሰዓት ከጾም ጋር የተያያዘ ነው። በሰንበት ጠዋት ይቀደሳል፤ በጾም ቀናት ግን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ይሆናል። የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት እንዲህ ያለ ማሰሪያ ስለሌላቸው እሑድን በሁለትና በሦስት ዙር መክፈል ይቀላቸዋል። ይሁን እንጂ እነርሱም የሚከፍሉት ዋጋ አለ። የመጀመሪያው ዙር ሰዎች የሁለተኛውን ዙር ሰዎች በበር ላይ ብቻ ይተላለፋሉ፤ መዘምራኑና አስተናጋጆቹም ቀኑን ሙሉ ሲያገለግሉ ይውላሉ።

ሦስተኛው ምሳሌ ለብዙዎቻችን ቤተሰብ ቅርብ ነው። በተባበሩት የአረብ ኤምሬትስ የሳምንቱ ዕረፍት እስከ 2006 ሐሙስና ዓርብ፣ ከዚያ በኋላ ዓርብና ቅዳሜ ነበር። እሑድ የሥራ ቀን ስለ ነበረ በአገሪቱ የሚገኙ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ትልቁን ጉባኤያቸውን ዓርብ ያደርጉ ነበር። ይህን ያደረጉት ዓርብን ከእሑድ አስበልጠው አይደለም፤ ሕዝቡ ከሥራ የሚያርፈው ያን ቀን ስለሆነ ነው። ከጥር 2022 ጀምሮ መንግሥት ዕረፍቱን ወደ ቅዳሜና እሑድ አዛወረ፤ ዓርብም የግማሽ ቀን ሥራ ሆነ። በዚህ ጊዜ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ዋናውን ጉባኤ ወደ እሑድ መለሱ።

ትምህርቱን ብቻ ለሚመለከት ሰው ይህ ደስ የሚያሰኝ ፍጻሜ ነው፤ ዕለቱና ሰዓቱ ዳግመኛ ተገናኙ። ነገር ግን አዲሱ ሥርዓት በቅድሚያ የተደነገገው ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነው፤ የግል ድርጅቶች የየራሳቸውን ቀን መምረጥ ይችላሉ። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅታችንም በሕግ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ብታገኝም፣ ቀኑ ከመሥሪያ ቤቶች ዕረፍት ጋር የግድ አይገጥምም። አሠሪዎቿ እሑድ ቤት በሚውሉበት ጊዜ ሥራዋ ሊበዛ ይችላል። ለእርሷ የዓርቡ ጉባኤ መታጠፍ የቀን ለውጥ ብቻ አይደለም። በቋንቋዋ የምትጸልይበት፣ የአገሯን ሰው የምታገኝበት፣ ችግር ቢደርስባት የምትናገርበት ብቸኛው ስፍራ ሊዘጋባት ይችላል። እንግዲህ ዋናውን ጉባኤ ወደ እሑድ መልሳ የዓርቡን ሳታጥፍ የምታቆይ ቤተ ክርስቲያን፣ የሚመጡት ጥቂት ቢሆኑም እንኳ፣ ተልእኮን በቍጥር ብቻ አልለካችም ማለት ነው።

ከእነዚህ ሦስት ታሪኮች ተነሥተን መርሐ ግብሯን ለመለወጥ ለምታስብ ማንኛዋም ቤተ ክርስቲያን ሦስት ጥያቄዎችን ማቅረብ እንችላለን። የሚለወጠው ዕለት ነው ወይስ ሰዓት? ዕለት ከሆነ ጉዳዩ የጉባኤና የትምህርት ነው፤ በኮሚቴ ስብሰባ አያልቅም። ከሰዓቱ ጋር አብሮ የሚሳበው ምንድን ነው? ጾሙ፣ የአገልጋዮች ድካም፣ የሕፃናት ትምህርት፣ የተከራዩት አዳራሽ ሁሉ ይቈጠራሉ። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፣ በመርሐ ግብሩ የታሰበው የማን ትርፍ ጊዜ ነው? አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱን የሚወስኑት እሑድ ጠዋት ቤታቸው የሚያርፉ ሰዎች ናቸው። የሌሊት ተረኛዋ ነርስ፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ የታክሲ ሹፌሩ፣ የቤት ሠራተኛዋ በዚያ ስብሰባ ላይ አይገኙም፤ ሊገኙ ያልቻሉበት ምክንያትም ያው ሰዓቱ ነው።

በመካከላችሁ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ካላችሁ፣ በአካባቢያችሁ መርሐ ግብሯን የለወጠች አንዲት አጥቢያ ፈልጉ። ወደ አዲሱ ሰዓት የሚመጡትን ማነጋገር ቀላል ነው፤ በር ላይ ቆማችሁ ታገኟቸዋላችሁ። እናንተ ግን ከለውጡ በኋላ የቀሩትንም ፈልጋችሁ በየሥራ ቦታቸው ጠይቋቸው። ለውጡ ተልእኮን ማገልገሉን የሚነግሯችሁ እነርሱ ናቸው።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።