የዓሣ ነባሪ ቅርጫ በላማሌራ

ኢንዶኔዥያ ከ17,000 በላይ ደሴቶች አሏት። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ሌምባታ የምትባለውን ደሴት ለይቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ በደቡባዊ ጠረፏ የተለጠፈችውን የላማሌራን መንደር የሚያውቅማ ከዚያም ያንሳል። ከፍሎሬስ ደሴት በስተምሥራቅ፣ በምሥራቅ ኑሳ ተንጋራ ክፍለ ሀገር፣ ፊቷን ወደ ሳቩ ባሕር አዙራ የተቀመጠችው ይህች መንደር የላይኛውና የታችኛው ተብላ ለሁለት ትከፈላለች፤ ሁለቱ ተደምረው የነዋሪዎቿ ቁጥር ሁለት ሺህ ቢሞላ ነው። ስሟ ከተነሣ የሚነሣው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንዶቿ ከእንጨት ጀልባ አፍንጫ ላይ እየዘለሉ ዓሣ ነባሪ በጦር ይወጋሉ። ፎቶግራፉም ዘጋቢ ፊልሙም እዚያው ዝላይ ላይ ይቆማል። በእኔ ግምት ግን ላማሌራን እስከ ዛሬ ያኖራት ከዝላዩ በኋላ አሸዋው ላይ የሚካሄደው ክፍፍል ነው። ነገ ትኖራለች ወይስ አትኖርም ለሚለው ጥያቄም መልሱን መፈለግ ያለብን እዚያው ነው።

ነገሩ ከመሬቱ ይጀምራል። የላማሌራ መሬት ድንጋያማ፣ ገደላማና ደረቅ ነው። የመንደሩ ትውፊት እንደሚተርከው አባቶቻቸው ከሱላዌሲ ተነሥተው ደሴት ከደሴት ሲዞሩ ኖረው የመጡ ስደተኞች ናቸው፤ ሲደርሱ ለምለሙ ተራራ ባለቤት ስለነበረው ለእነርሱ የቀረላቸው ጠረፉ ነው። ጠረፉ ደግሞ የራሱ ጸጋ ነበረው። ባሕሩ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ በጥልቅ ውኃ ውስጥ ስኩዊድ እያደነ የሚኖረው ግንባረ ትልቁ፣ ጥርሳሙ ዓሣ ነባሪም ከመንደሩ በዓይን በሚታይ ርቀት ያልፋል። ኮቴክሌማ ይሉታል። ያደገ ወንድ 16 ሜትር ሊረዝም ይችላል። እኛ በስሙ ዓሣ ብንለውም አየር የሚተነፍስ፣ ልጁን የሚያጠባ እንስሳ ነው። ሰማያዊውን ዓሣ ነባሪ ግን የላማሌራ ሰዎች አይነኩም፤ አባቶቻችንን ከመስጠም ያወጣ እርሱ ነው ይላሉና።

ለአደን የሚወጡበት ጀልባ ቴና ይባላል። ርዝመቱ ከአሥር ሜትር ያልፋል፤ ሳንቃዎቹ ያለ ብረት ሚስማር በእንጨት ችንካር ይጋጠማሉ፣ በገመድ ይጠፈራሉ፣ ሸራውም ከዘንባባ ቅጠል የተጎነጎነ ነው። ከጀልባው አፍንጫ ወደ ፊት በወጣ የቀርከሃ መቆሚያ ላይ ላማፋ የሚሉት ጦረኛ ይቆማል። ክንዱ ብቻውን ያን ወፍራም ቆዳ አያልፍለትም፤ ስለዚህ የሰውነቱን ክብደት ከጦሩ ጋር አድርጎ ይወረወራል። ዋኝቶ መመለስ የእርሱ ፋንታ ነው። ዓሣ ነባሪ ሲታይ በመንደሩ የሚያስተጋባው ጩኸት «ባሌኦ!» ነው፤ ሥሩ በእነዚህ ደሴቶች ከዘመናት በፊት የነበሩት የፖርቱጋሎች ቃል እንደሆነ ይነገራል። ሌፋ የሚባለው ዋናው ወቅት ከሚያዝያ ማብቂያ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የላማሌራ ሰዎች ካቶሊኮች ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሕፃናት የተጠመቁት በ1886 እ.ኤ.አ. ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ወቅቱ ሲከፈት መጀመሪያ በባሕር ለቀሩት ይጸለያል፤ ከዚያ ሜይ 1 ቀን በጠረፉ ቅዳሴ ተደርጎ ጀልባዎቹ ይባረካሉ። ከቅዳሴው ጎን ለጎን በተራራው ላይ ዓሣ ነባሪን የሚጠሩ የጥንት ባለአገሮች ሥርዓትም አለ፤ ሁለቱ አንዳንዴ ተስማምተው፣ አንዳንዴም ተኮራርፈው ይኖራሉ።

አሁን ወደ አሸዋው እንመለስ። ቅርጫ ገብቶ ለሚያውቅ አንባቢ የላማሌራን ክፍፍል ማስረዳት ቀላል ነው፤ በሬው በኮቴክሌማ ይተካ፣ መደቡም በገንዘብ አይገዛ። ቴናው የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። የአንድ ዘር ቤተሰቦች በድርሻ የያዙት የጋራ ሀብት ነው፤ ድርሻውም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ዓሣ ነባሪው ሲጎተት መጥቶ ዳርቻ ላይ ሲጋደም የት ጋ እንደሚቆረጥ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ይህ የላማፋው፣ ይህ የቀዛፊዎቹ፣ ይህ የጀልባው ባለድርሻዎች፣ ይህ ጀልባውን የሠራው አናጢ፣ ይህ ጦሩን ያበጀው ቀጥቃጭ፣ ይህ ሸራውን የጎነጎነው ሰው እየተባለ ይለያል። ከባለአገሮቹ ጎሳዎችም የሚደርሳቸው አለ። በሽምግልና ከባሕር የቀረ ባለድርሻ፣ ቀዛፊ ባይሆንም፣ መደቡ አይቀርበትም። ክፍፍሉ በዚህ አያበቃም። መደቡን ያገኘ ቤት ደግሞ ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ባሏን ባሕር ለወሰደባት ሴት ያካፍላል፤ በመጨረሻ ከዚያ እንስሳ ያልቀመሰ ምድጃ በመንደሩ አይገኝም ማለት ይቻላል። አንድ ጀልባ ወር ሙሉ ባዶ እጁን ሊመለስ በሚችልበት ባሕር ላይ ይህ ከደግነት በላይ ነው። ኢንሹራንስ ነው፤ ያለ ወረቀት፣ ያለ አረቦን ይሠራል።

የዚህ ኢንሹራንስ ግማሹ አካል የሚገኘው ከባሕሩ ውጪ ነው፤ ፊልሞቹም ብዙ ጊዜ ዘለው የሚያልፉት ይህን ነው። ሰው በቋንጣና በስብ ብቻ አይኖርም። ሥጋው ተዘልዝሎ በቀርከሃ መስቀያ ላይ ከደረቀ በኋላ ሴቶቹ በራሳቸው ተሸክመው፣ ዓሣና ጨው ጨምረው፣ ወደ ተራራው መንደሮች ይወጣሉ። በቆሎ፣ ሙዝና ካሳቫ ይዘው ይመለሳሉ። በአቅራቢያቸው ባለችው ዉላንዶኒ በየሳምንቱ የሚቆመው ገበያ ዛሬም የእቃ በእቃ ልውውጥ ይካሄድበታል፤ የገበያው ኃላፊ ፊሽካ ሳይነፋ ማንም አይነግድም። መቁጠሪያቸው ሙንጋ ነው፤ አንድ ሙንጋ ስድስት ፍሬ ነው። በዚህ መንገድ ድንጋያማዋ መንደር ያላረሰችውን እህል ትበላለች፣ ከባሕር የራቀው ባላገርም ያላጠመደውን ሥጋ ያገኛል። በላማፋው ዝላይ የተጀመረው ሥራ በእነዚህ ሴቶች እግር ካልተፈጸመ መንደሩ ጠግቦ አያድርም።

«ይህ ሁሉ መንደሩን ከሩቅ የሚያደንቅ ሰው ስሜት ነው» የሚል ተቃዋሚ እንደሚኖር አውቃለሁ። ለእርሱ የሚሆን ማስረጃ አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአንትሮፖሎጂና የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በዓለም ዙሪያ በ15 ትናንሽ ማኅበረሰቦች አንድ ዓይነት የሙከራ ጨዋታ አካሄዱ። ሁለት ሰዎች ይመረጣሉ፤ ለአንደኛው የሆነ ሀብት ይሰጠውና ለሁለተኛው ምን ያህል እንደሚያካፍል ይወስናል። ሁለተኛው ከተቀበለ ሁለቱም ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ እምቢ ካለ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። አንዱ የሌላውን ማንነት አያውቅም። በፔሩ የማቺጌንጋ ሰዎች በአማካይ 26 ከመቶ አቀረቡ። ላማሌራ ላይ ጨዋታው በገንዘብ ፋንታ በሲጋራ ፓኮ ተካሄደ፤ አማካዩ 58 ከመቶ ሆነ። ከግማሽ በላይ የሆኑት ተጫዋቾች እኩል ለእኩል ሲከፍሉ ከቀሩት አብዛኞቹ ለማያውቁት ሰው ከራሳቸው አብልጠው ሰጥተዋል። እርግጥ ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ላማሌራ ቅናትና ጠብ የሌለባት ገነት ናት ብሎ ከዚህ መደምደም ሞኝነት ነው። አጥኚዎቹ ግን አንድ የማይናቅ ነገር አስተውለዋል። ሰዎች ኑሯቸው ብቻቸውን ሊሠሩት በማይችሉት ሥራ ላይ በተመሠረተ መጠን አከፋፈላቸው ወደ እኩልነት ያደላል። ብቻውን ኮቴክሌማ የሚጥል ሰው ደግሞ የለም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የእንስሳው ነው፤ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። ኮቴክሌማ በዓለም አቀፍ መዝገብ ለጥፋት ተጋላጭ ተብሎ የሰፈረ ነው። ሴቷ በበርካታ ዓመታት አንዴ አንድ ልጅ ብቻ ትወልዳለች፤ እናቶች፣ ሴት ልጆችና እህቶች በቤተሰብ አብረው ስለሚኖሩ አንዷ ስትሞት የሚጎድለው ከቁጥር በላይ ነው። አሟሟቱም ረጅምና ደም የበዛበት ነው፤ ይህን በ«ባህል» ቃል ሸፍኖ ማለፍ ሐቀኝነት አይደለም። ነገር ግን ሚዛን ይኑረን። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብቻ በሞተር መርከብና በፈንጂ ጦር የሚሠሩት ኩባንያዎች ከዚህ ዝርያ ከ700,000 በላይ ገድለዋል፤ ዓለም አቀፉ የንግድ አደን እገዳ በ1986 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ከሆነ በኋላ ነው። ላማሌራ በአማካይ በዓመት ወደ 20 ገደማ ትጥላለች፤ አንዳንዱ ዓመት ከዚያ ይበዛል፣ አንዳንዱ ከአሥር በታች ይወርዳል። ባሕሩን ያራቆተችው እርስዋ አይደለችም።

ባሕርን የሚያራቁተው ምን እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጎረቤት ሶሎር ደሴት ላማኬራ የምትባል የሙስሊሞች መንደር አለች፤ ዝላዩም ጦሩም ከላማሌራ ጋር ይመሳሰላል። በዚያ ሞተር ገባ። ማንታ የሚባለው ሰፊ ክንፍ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ የስንጥብ ሰሌዳም ለቻይና ባህላዊ መድኃኒት ገበያ በጥሬ ገንዘብ ተፈለገ። በ2002 ወቅት መንደሯ ያወጣችው ማንታ 1,500 ያህል እንደሚሆን ተገምቷል። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥራ ሁለት ዓመታት ግን ምርቱ በሦስት አራተኛ ገደማ አሽቆለቆለ፤ በ2014 የኢንዶኔዥያ መንግሥት ማንታን ጨርሶ ከለከለ። ሁለቱን መንደሮች የሚለያቸው የጠባይ ደግነት አይመስለኝም። ወደ ተራራ የሚሄድ ሥጋ ልኩ የተራራው ሰው ሆድ ነው። ወደ ሩቅ ገበያ የሚጫን ዕቃ ግን ልክ የለውም።

ማሽን ወደ ላማሌራም መጥቶ ያውቃል። በ1970ዎቹ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት የኖርዌይ ባለሙያና ዘመናዊ የአደን ጀልባ ልኮ ነበር፤ ፕሮጀክቱ ሲያበቃ መንደሩ ወደ ቴናው ተመለሰ። ዛሬ ግን ሞተር ማንም ሳያዝዘው ገብቷል። የሞተር ጀልባውን ጆንሶን ይሉታል፤ ቴናውን እስከ ዓሣ ነባሪው ድረስ ጎትቶ ይለቀዋል፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ መረብ ይጥላል። ጥቅሙን መካድ አይቻልም፤ ድካም ይቀንሳል፣ ሕይወትም ያተርፋል። ችግሩ ነዳጅ በሙዝ አለመገዛቱ ነው። ሞተር የገዛው ሰው የሞተሩን መደብ ይጠይቃል፤ መረቡን ሁለትና ሦስት ሰው ስለሚስበው የሚያዘው ዓሣ እንደ ኮቴክሌማ መንደሩን ሁሉ አይጠራም። ሥርዓቱ የቆመው የግድ በመተባበር ላይ ከሆነ፣ ግዴታው ሲላላ ሥርዓቱም ይላላል። ለእኔ የላማሌራ እውነተኛ ስጋት ይህ ነው፤ ከተቆጪ የውጭ አገር ማኅበራት የሚመጣው ሁለተኛ ነው።

መንግሥትስ? ኢንዶኔዥያ የዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን አባል አይደለችም፤ በአገሪቱ ሕግ ግን ዓሣ ነባሪ ጥበቃ የሚደረግለት እንስሳ ነው። ላማሌራ የምትኖረው በሕጉና በዝምታው መካከል ነው። በ2009 የሳቩ ባሕር ጥብቅ ክልል ሊሆን ሲታወጅ መንደርተኛው ስለተቃወመ የሌምባታ ውኃ ከክልሉ ውጪ ተደረገ። ጉዳዩ «ኋላ ቀር ዓሣ አጥማጆች ከሠለጠነ ሕግ ጋር» የሚባል ዓይነት አይደለም። የሚሲዮን ትምህርት ቤት ቀድሞ የደረሳት ይህች መንደር ቀሳውስት፣ መምህራንና ምሁራን በብዛት አፍርታለች። ታዋቂው የኢንዶኔዥያ ቋንቋ ሊቅ ጎሪስ ኬራፍ የተወለደው እዚህ ነው፤ የዶክትሬት ጥናቱም በላማሌራ ንግግር ላይ ነበር። ከ1999 እስከ 2001 የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር የነበረው ሶኒ ኬራፍም የዚሁ የዓሣ ነባሪ አዳኞች መንደር ልጅ ነው። ልጆች ተምረው መሄዳቸውን እንደ ኪሳራ ብቻ የሚቆጥሩት የሚልኩትን ገንዘብ ይረሳሉ። የሄደው ልጅ የሚልከው ገንዘብ ግን በቴና ላይ መቅዘፊያ አይይዝም።

«ቱሪስት ይምጣ፣ አደኑ ይቅር፣ ዓሣ ነባሪ እያሳዩ ይብሉ» የሚለው ሐሳብ ደግ ነው፤ በሌሎች አገሮችም ሠርቷል። ሆኖም ትኬቱን የሚቆርጠው ማን ነው? ገንዘቡ ለጀልባው ባለቤት ብቻ ከገባ አናጢው፣ ቀጥቃጩ፣ ባሏ የሞተባትና ወደ ተራራ ተሸክማ የምትወጣው ሴት ከመደቡ ይወጣሉ፤ የተራራው ሰውም በቆሎውን ለማን ይሰጣል? ያው ገቢ እንደ ኮቴክሌማው ሁሉ በባለድርሻዎች ቢከፋፈል ግን የምቃወምበት ምክንያት የለኝም፤ ለእንስሳውም የተሻለ ይሆናል። ለዚህ የሚሆን መድረክ አዲስ ማቋቋም አያስፈልግም። ሌፋ ከመከፈቱ አስቀድሞ በየዓመቱ የመንደሩ ሰዎች ባሕሩ ዳር ተሰብስበው ያለፈውን ጠብ ያበርዳሉ፣ የመጪውን ወቅት ደንብ ይነጋገራሉ። ከጃካርታም ይምጣ ከሌላ፣ ለላማሌራ ዕቅድ ያለው ሁሉ የክፍፍሉን ዝርዝር ይዞ መጀመሪያ እዚያ አሸዋ ላይ ይቅረብ።