ጠዋት የማይነሳ፣ ቀን የሚበላ

ጋራዣችን ደብረ ብርሃን ስለሆነ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ማለዳ ሥራ ይዞልን ይመጣል። ውርጭ ካደረበት ሌሊት በኋላ ተጎትተው የሚገቡት አብዛኞቹ አሮጌ ናፍጣዎች ናቸው፤ ሃይሉክስ፣ አይሱዙ፣ ላንድክሩዘር፣ አንዳንዴም ዕድሜው ከሹፌሩ የሚበልጥ ሚኒባስ። ከባለቤቶቹ የምሰማው ስሞታ ሁለት ነው። አንዱ «ጠዋት አይነሳም» ይላል፣ ሌላው «ናፍጣ በላብኝ» ይላል። ሁለቱም ያለበት ብዙ ነው፤ ግን አንዱን ሲነግረኝ ሌላውን የማይገናኝ በሽታ አድርጎ ስለሚቆጥረው ጠይቄ ነው የማወጣው። በእኔ እምነት ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ጉድለት ሁለት መልክ ናቸው። ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሳ ዋጋው ከተሰቀለ ወዲህ ደግሞ ይህን ማወቅ የቤተሰብ ጉሮሮ ጉዳይ ሆኗል።

ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር እሳት የሚጭርለት የለም። ፒስተኑ አየሩን በኃይል ይጨምቀዋል፣ የተጨመቀው አየር ይግላል፣ ከኖዝሉ ረቆ የሚረጨው ናፍጣ በዚያ ግለት ይነዳል። ጭመቃው ከሳሳ፣ ሙቀቱ ካነሰ ወይም ናፍጣው ሳይረቅ ከተንጠባጠበ ሞተሩ ጠዋት እምቢ ይላል። አንዴ ተነስቶ ሲሞቅ ሙቀቱ ጉድለቱን ይሸፍነዋል እንጂ አይጠግነውም። በደንብ ሳይነድ የቀረው ናፍጣ ቀኑን ሙሉ በማርሚታው ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ የተከፈለበት ግን ሙሉውን ነው።

በዚህ ላይ የአገሩ ከፍታ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ከመጀመሪያው የሳሳ ነው ማለት ነው።

ባለፈው ብርድ አንድ ወጣት ሹፌር ሃይሉክሱን አስጎትቶ መጣ። «ጋሼ፣ ፖምፓው ሞቷል ብለውኛል። አሮጌ ፖምፓ ተገኝቶልኛል፣ ልግዛው?» አለኝ። «ቆይ የኔ ልጅ፣ ገንዘብህን ያዝ» አልኩትና ከባትሪው ጀመርኩ። እኔ ሁልጊዜ ከባትሪው ነው የምጀምረው፤ ቀላል ስለሆነ ብቻ አይደለም። ናፍጣ ሞተር ለመነሳት በፍጥነት መዞር አለበት፤ ቀስ ብሎ ሲዞር የተጨመቀው አየር ሳይግል ሙቀቱን ለብረቱ ያስረክባል። አድሮ 12.6 ቮልት የሚያሳይ ባትሪ ሙሉ ነው፤ 12.2 ካሳየ ግማሹ ሄዷል። ቀጥሎ ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የኔጋቲቭ ገመድ ጫፍ ፈትቶ ማጽዳት ነው። ሞተሪኖ ተቀየረ፣ ባትሪ ተገዛ፣ ሞተሩ ግን አሁንም ዘገምተኛ ነው በተባለበት ስንት መኪና ላይ ጥፋቱ እዚያ ጫፍ ላይ የበቀለው አረንጓዴ ዝገት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዘይቱም ይታይ። ባለ 40 ቁጥሩ ዘይት በውርጭ ማለዳ ይጠጥራል፣ ሞተሩንም ያስከብደዋል፤ ባለ 15 ደብሊው 40 ግን በብርድም ይፈስሳል።

የዚያ ወጣት መኪና ባትሪ ደህና ነበር። ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ እስክትጠጥር ድረስ ተጫንኩና «አሁን አስነሳ» አልኩት። ተነሳ። ይህች ምርመራ ምንም ወጪ የላትም፣ ብዙ ትናገራለች። በእጅ ፖምፓ ተገፍቶ የሚነሳ ሞተር ሌሊቱን አየር እየሳበ ናፍጣውን ወደ ታንኩ የመለሰ ሞተር ነው። ጥፋቱ ከታንኩ እስከ ፖምፓው ባለው መስመር ላይ ነው፤ የደረቀ ጎማ ቱቦ፣ የላላ ማሰሪያ፣ ወይም የራሷ የእጅ ፖምፓዋ የተሰነጠቀ ላስቲክ ሊሆን ይችላል። አየር ሲስብ ናፍጣ ወደ ውጭ ስለማያንጠባጥብ በዓይን አይታይም። በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል ለጊዜው ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ገጥሞ አረፋውን ማየት ነው። ሁለት ክንድ ጎማ ቀይረን ሸኘነው፤ አሮጌውን ፖምፓ አልገዛም።

የእጅ ፖምፓው ካልረዳ ወደ ማሞቂያ ካንዴላዎቹ እሄዳለሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በዳሽቦርዱ ብርቱካናማ መብራት ይታለላል። «መብራቱ በርቶ ይጠፋል፣ ካንዴላው ደህና ነው» ይሉኛል። በእነዚህ አሮጌ መኪኖች ላይ መብራቱ የሚበራውና የሚጠፋው በሰዓት ቆጣሪ ስለሆነ አራቱም ካንዴላዎች ተቃጥለው እንኳ በሰዓቱ በርቶ ይጠፋል። የሚያገናኛቸውን ጠፍጣፋ ብረት ፈትቶ እያንዳንዱን ለብቻ በሜትር መለካት ያስፈልጋል። ደህናው 1 ኦም አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ያሳያል፣ የተቃጠለው ምንም አያሳይም። ሲቀየርም ቮልቱ ከመኪናው ጋር የሚስማማ መሆን አለበት፤ ቅርጹ ስለገጠመ ብቻ የሚታሰር ካንዴላ ወይ አይግልም፣ ወይ ጫፉ ቀልጦ ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ቴርሞስታት ነው። አገራችን ውስጥ ስንቱ አሮጌ መኪና ያለ ቴርሞስታት ይሄዳል! አንድ ቀን ወደ አፋር ሲወርድ ውሃ አፈላ፣ መካኒኩ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለ፣ መኪናው «ዳነ»። ውሃ የሚያፈላው ግን የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ ፋን፣ ግፊት የማይዝ ክዳን ወይም የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ነው፤ እነሱ እንዳሉ ቀሩ። ቴርሞስታት ሥራው ሞተሩ 80 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ውሃውን ወደ ራዲያተር አለማሳለፍ ነው። እሱ ከሌለ እዚህ ብርድ አገር የሙቀት መርፌው ቀኑን ሙሉ ከታች ተጣብቆ ይውላል። የሲሊንደሩ ግድግዳ ስለሚቀዘቅዝ ናፍጣው በደንብ አይነድም፣ ያልነደደው ግድግዳውን አጥቦ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፣ የፒስተኑ ፋሻና ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላሉ። ዛሬ ናፍጣ የሚያስበላው ጉድለት ከዓመታት በኋላ ጭመቃውን አሳስቶ ጠዋት የማይነሳ ሞተር ያደርገዋል። ከሞተር ጥገና ዋጋ ጋር ሲተያይ ቴርሞስታት ርካሽ ዕቃ ነው። እባካችሁ መልሳችሁ ግጠሙት፤ ከዚያ በፊት ግን ያፈላበትን ምክንያት አስጠግኑ።

ሁለተኛው የሚያንገበግበኝ የፖምፓው ብሎን ነው። ጣርማ በርን ሲወጣ የደከመ መኪና ሹፌር «ትንሽ ክፈትልኝ» ይላል፤ መካኒኩም የናፍጣ መጠኑን የሚወስነውን ብሎን ያዞርለታል። ለጥቂት ቀን ጉልበት የጨመረ ይመስላል። ነገር ግን ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ የጎደለው አየር እንጂ ናፍጣ አይደለም። ለባሕር ወለል የተለካው ናፍጣ ራሱ እዚህ ላለው አየር ይበዛል፤ ብሎኑ ከተነካ ሊነካ የሚገባው ወደ መቀነሱ ነው፣ ያውም ፖምፓና ኖዝል በሚፈትሹ ሰዎች እጅ። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋ መኪና ባለቤቱ የከፈለበትን ናፍጣ ለመንገደኛው ሳንባ እየሰጠ ነው። ከማርሚታው የሚወጣው ግለትም ያይላል፤ የቴስታታ መሰንጠቅ ከዚያ ይመጣል።

ኤተር የሚረጩትን፣ በቤንዚን የራሰ ጨርቅ አየር መሳቢያው ላይ የሚይዙትን፣ ከካርተሩ ሥር እሳት የሚያነዱትንም አውቃለሁ። ጠዋት ሥራ ለመድረስ የጨነቀው ሰው የሚያደርገው ነው። ካንዴላ ያለው ሞተር ላይ ግን ኤተር ገና አየር ማስገቢያው ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል፤ ፋሻም ይሰብራል። የእሳቱን አደጋ መናገር አያስፈልግም። ከተነሳም በኋላ ቆሞ ረጅም ጊዜ ማሞቅ ናፍጣ ማባከን ነው፤ ናፍጣ ሞተር ሥራ ሳይጫንበት ቶሎ አይሞቅም። የዘይቱ መብራት ከጠፋ ጥቂት ቆይቶ በቀስታ መንዳት ይሻላል።

የተቀረውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ንጹሕ የአየር ፊልትሮ፣ በልኩ የተነፋ ጎማ፣ ሳይረገጥ የማይዝ ፍሬን፣ በየጊዜው ከፊልትሮው ሥር የሚፈስስ ውሃ። ለውጡ እውነት መሆኑን ማወቅ የሚፈልግ ግን ይለካ። ታንኩን አፍ እስከ አፍ ይሙላ፣ አዲስ አበባ ደርሶ ይመለስ፣ እዚያው ማደያ እንደገና ይሙላ። መንገዱ አንድ ጉዞ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቆጣሪው የሞተበትም ማስላት ይችላል። ደርሶ መልስ መሆኑ ግዴታ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደዚህ ሲመጣ 400 ሜትር ያህል ይወጣልና የአንድ ወገን ልኬት ያሳስታል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተነሳ ጭመቃውን እንለካለን። እዚህ ላይ ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው አለኝ። በብዙ ሃይሉክሶች ላይ ያለው ስሪ ኤል ሞተር መጽሐፉ ለአዲስ 31 ባር ገደማ ይሰጠዋል፣ ከ20 በታች ከወረደ ይከፈት ይላል። ያ ቁጥር ለባሕር ወለል የተጻፈ ነው። ምንም ያልጎደለው ሞተር እዚህ ደብረ ብርሃን ሲለካ 22 አካባቢ ነው የሚያሳየው፤ ጥቂት ያገለገለ ደግሞ 18 ቢያሳይ አይደንቅም። 18 አይቶ «ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ» የሚል መካኒክ ደህና ሞተር ያስከፍታል። እኔ በቅድሚያ የማየው በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻ በብዙ ከወረደ እዚያ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጌ እንደገና እለካለሁ። ቁጥሩ ከወጣ ፋሻው ነው። ካልወጣ ቫልቩ ነው፤ እሱ ደግሞ ክፍተቱ ጠብቦ አልዘጋ ብሎ ከሆነ ሞተር ሳይወርድ በማስተካከል ይመለሳል። ለባለቤቱ ስለ ኦቨርሆል የምነግረው ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ነው።