የስልክን ድምፅ ወደ ኮምፒዩተር እንዴት እናስገባ?

አገር ቤት ያሉ አያቶቻችን ተረቱንም የቤተሰቡን ታሪክም የሚያጫውቱን አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ነው። ያንን ድምፅ በኮምፒዩተር ቀድቶ ማስቀረት መልካም ሐሳብ ነው። አንዳንድ ተማሪዎች ግን የስልኩን ሁለት ሽቦዎች ልጠው በቀጥታ ከኮምፒዩተሩ የማይክሮፎን መሰኪያ ጋር ማያያዝ ይቀላል ብለው ያስባሉ። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ለምን?

በመደበኛ የቤት ስልክ መስመር ላይ ያለው ድምፅ ብቻ አይደለም። እጀታው ተቀምጦ ሳለ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል 48 ቮልት ያህል ይገኛል። ይህ ኃይል የሚመጣው ከስልክ ጣቢያው ባትሪዎች ነው፤ ሰፈራችን መብራት ሲጠፋ ተራው የቤት ስልክ የሚሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስልክ ሲደወል ደግሞ በዚያ ላይ ከ75 እስከ 90 ቮልት የሚደርስ የደወል ኃይል ይጨመርበታል። የማይክሮፎን መሰኪያ ግን የተሠራው ለጥቂት ሚሊቮልት ነው፤ አንድ ሚሊቮልት የቮልት አንድ ሺህኛ ነው። ስለዚህ አንድ ጥሪ ብቻ ኮምፒዩተሩን ሊያበላሽ፣ የተላጠውን ሽቦ የያዘውንም ልጅ ሊነዝረው ይችላል።

ሌላም ችግር አለ። የብዙ ኮምፒዩተሮች የብረት አካል በመብራት ሶኬቱ በኩል ከምድር ጋር ይያያዛል። የስልኩ ሽቦዎች ግን በእኛ በኩል ከምድር ጋር መገናኘት የለባቸውም። ከተገናኙ ንግግሩ በሚያጉረመርም ድምፅ ይዋጣል፤ መስመሩም ሊታወክ ይችላል። በዝናብ ወራት መብረቅ የስልክ መስመሩን ከመታ ደግሞ አደጋው ለኮምፒዩተሩም ለተጠቃሚውም ይተርፋል።

እንግዲህ ሕጉ አንድ ነው፦ ድምፁ ይሻገር፣ ሽቦና ሽቦ ግን አይነካኩ። ይህንን የሚያሟሉ ሦስት መንገዶች አሉ።

1. ድምፅ ማጉያ ያለውን ስልክ ከፍቶ ማይክሮፎኑን አጠገቡ ማስቀመጥ። ምንም ሽቦ አይነካም፤ ክፍሉ ጸጥ ያለ ይሁን እንጂ።

2. በእጀታው ጀርባ፣ በጆሮው በኩል የሚለጠፍ ጥቅል ሽቦ መጠቀም። በማዳመጫው ውስጥ ካለው መግነጢስ የሚወጣውን ለውጥ ተቀብሎ መልሶ ወደ ድምፅ ምልክት ይቀይረዋል። ከቻርጀርና ከኮምፒዩተር ስክሪን ራቅ ይበል፤ አለበለዚያ የእነርሱንም ጩኸት ይቀዳል።

3. ለዚሁ የተሠራ መለያ ትራንስፎርመር ማስገባት። ሁለቱ ጥቅሎቹ እርስ በርሳቸው አይነካኩም፤ ድምፁ በመግነጢስ ይሻገራል። ከፊቱ የሚገባው ካፓሲተር የባትሪውን ኃይል ያግዳል፤ በኮምፒዩተሩ በኩል ተገለባብጠው የሚያያዙ ሁለት ዳዮዶች ደግሞ የደወሉን ግፊት ከአንድ ቮልት በታች ይገድቡታል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። መስመሩ የቴሌኮም ድርጅቱ ስለሆነም የተፈቀደ ዕቃ መሆን አለበት። ተማሪዎች በራሳችሁ አትሞክሩት።

ከመቅዳታችሁ በፊት የድምፁን መጠን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩና በጥቂቱ ጨምሩ። የስልክ መስመር የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው፤ እርሱም አንድ ነጠላ የድምፅ ምልክት (ሞኖ) ስለሆነ በስቴሪዮ መቅዳት ቦታ ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም።

በመጨረሻም፣ የሰውን ድምፅ ሳያውቅ መቅዳት ነውር ነው፤ በብዙ አገርም በሕግ ያስጠይቃል። «እማማ፣ ጨዋታዎን ልቅዳው?» ብላችሁ አስፈቅዱ። ፈቃዳቸውም በቅጂው መጀመሪያ ላይ ይሰማ። ከዚያ የተናጋሪውን ስምና ቀኑን ጽፋችሁ ቅጂውን በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ኮምፒዩተር ቢበላሽ ድምፃቸው አብሮ እንዳይጠፋ።