ስለ ድርሰት ትምህርትና ስለ አራሚው ድካም

ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ ደብዳቤ ለመጻፍ ይችላል፤ ነገር ግን ደብዳቤ ለመጻፍ የቻለ ሁሉ አሳቡን በሥርዓት ዘርግቶ ለሌላው ሰው ሊያስረዳ ይችላል ማለት አይደለም። ይህንንም ነገር በየመሥሪያ ቤቱ የሚቀርበውን ማመልከቻ ሲያነቡ የሚውሉ ሹማምንት ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ ሦስት ገጽ የሞላ አቤቱታ ተነቦ ካለቀ በኋላ ባለጉዳዩ የሚለምነው ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለምና። ችግሩም ያንድ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር ያሉት ኮሌጆች አዲስ የሚገባውን ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የድርሰት ትምህርት እንዲማር ማስገደድ ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። የዚህም ትምህርት ታሪክ ትምህርት ቤት ለሚመራና ጉባኤ ለዘረጋ ሁሉ የሚጠቅም ነገር አለበት።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1869 ዓ.ም. ቻርልስ ኤልየት የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነው በተሾሙ ጊዜ፤ በዚያ ትምህርት ቤት የከበሩት ቋንቋዎች ላቲንና ጽርእ ነበሩ። ኤልየት ግን ያገሩ ቋንቋ በትምህርት ቤት መናቁ ስላልወደደላቸው፤ ቀድሞ የጋዜጣ ጸሐፊ የነበሩትን አዳምስ ሸርማን ሂልን በ1872 አስመጥተው የጽሕፈትን ትምህርት በእጃቸው ሰጧቸው። ከ1874 ጀምሮም ወደ ሃርቫርድ ለመግባት የሚፈልግ ሁሉ አጭር የእንግሊዝኛ ድርሰት እየጻፈ እንዲፈተን ተደረገ። ውጤቱም የሚያሳፍር ሆነ። በታወቁ ትምህርት ቤቶች ብዙ ገንዘብ ተከፍሎላቸው የተማሩ የባለጸጋ ልጆች የገዛ ቋንቋቸውን ፊደል እያሳሳቱና ነጥብ የሚደረግበትን ስፍራ ሳይለዩ ተገኙ። ስለዚህ በ1885 «እንግሊዝኛ ኤ» የተባለው ትምህርት ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ተደነገገ፤ ሌሎቹም ኮሌጆች ተከተሉት። በ1892 ደግሞ ነገሩን እንዲመረምር የተመረጠ ኮሚቴ ጥፋቱን በታችኞቹ ትምህርት ቤቶች ላይ ጣለው። ጥፋትን ወደ ታች ማውረድ በየአገሩ የተለመደ ነው።

ትምህርቱ ከተመሠረተ በኋላ ግን ሌላ ችግር ተነሣ፤ ይኸውም የድርሰቱ መብዛትና የአንባቢው ማነስ ነው። አንድ መምህር 100 ተማሪዎች ቢኖሩትና ለያንዳንዱ ወረቀት 20 ደቂቃ ቢሰጥ፤ አንዱን ዙር አርሞ ለመጨረስ ብቻ ከ33 ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል፤ ይህም በክፍል ቆሞ ከሚያስተምርበት ጊዜ ሌላ ነው። በ1912 የእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር መጽሔት የመጀመሪያው ቍጥር ሲወጣ፤ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ኤድዊን ሆፕኪንስ ዛሬ ባለው ሁኔታ ድርሰትን በደኅና ማስተማር ይቻላልን ብለው ጠይቀው፤ መልሳቸውን ወደ ኋላ ሳያዘገዩ አይቻልም አሉ። ምክንያታቸውም የመምህራኑ ስንፍና ሳይሆን የተማሪው ቍጥር ነበር። ይኸው ማኅበር በኋላ ዘመን ባወጣው ምክር፤ በአንድ የድርሰት ክፍል ከ20 ተማሪ የበለጠ እንዳይገባ፤ ቢቻል በ15 እንዲወሰን፤ አንድ መምህርም በአንድ ወቅት ከ60 የበለጡ የድርሰት ተማሪዎች እንዳይይዝ አሳስቧል።

ጊዜ ያጠረው መምህር የሚያደርገው የታወቀ ነው። ቀይ ብዕሩን አንሥቶ ስሕተቱን ይሠርዛል፤ በኅዳጉ ምልክት ያደርጋል፤ በግርጌው ማርኩን ጽፎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በብራና መጻሕፍታችን ቀይ ቀለም የሚጻፍበት የከበረው ስምና የምዕራፉ መጀመሪያ ነው፤ በኮሌጁ ወረቀት ላይ ግን የነውር ምልክት ሆነ። ተማሪውም ወረቀቱን ተቀብሎ ማርኩን ብቻ አይቶ ያጥፈዋል፤ በሚመጣው ሳምንት ያንኑ ስሕተት መልሶ ያመጣል።

የዚህን ልማድ ከንቱነት ገልጠው ካሳዩት ሰዎች መካከል ወይዘሮ ሚና ሾነሲ በቀዳሚነት ይጠራሉ። የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በ1970 በሩን ከፍቶ፤ የከተማይቱን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጨረሰ ሁሉ በአንዱ ኮሌጅ ስፍራ እንዲያገኝ በፈቀደ ጊዜ፤ ወይዘሮ ሾነሲ በሲቲ ኮሌጅ መምህርት ነበሩ። አዲሶቹ ተማሪዎች የጥቁሮች፤ የፖርቶ ሪኮ ሰዎችና የድኻ ነጮች ልጆች ሲሆኑ፤ ከቤታቸው ኮሌጅ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ እነርሱ የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። የጻፉት ድርሰት ለብዙ መምህራን እንቆቅልሽ ሆነባቸው። አንዳንዶቹም እነዚህ ልጆች ለኮሌጅ አልተፈጠሩም ብለው ፈረዱ። ወይዘሮ ሾነሲም መጀመሪያ የተማሪዎቻቸውን ወረቀት ባነበቡ ጊዜ ከየት እንደሚጀመር ጠፍቷቸው ደንግጠው ነበር።

ነገር ግን ወረቀቱን አልጣሉትም። ከ1970 እስከ 1974 በመግቢያ ፈተና የተጻፉትን 4,000 ያህል ድርሰቶች ሰብስበው እያነበቡ፤ ስሕተቱን በየወገኑ ለዩት። ያገኙትም ነገር ይህ ነው፤ ተማሪው የሚሳሳተው በዘፈቀደ አይደለም፤ በልቡ የያዘውን አንድ ሕግ ተከትሎ ይሳሳታል። በሰፈሩ አነጋገር የማይሰማውን የቃል መጨረሻ በጽሕፈትም ይተወዋል፤ በተቈጡት ጊዜ ደግሞ በማያስፈልግበት ስፍራ ሁሉ ይጨምረዋል። ሁለት ቃል ጽፎ ይሠርዛል፤ እንደ ገና ይጀምራል፤ ይህም የአሳብ ድህነት ሳይሆን ፍርሃት ነው። ስለዚህ መምህሩ ስሕተቱን ከመሠረዙ በፊት ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት አለበት። በ1977 ይህን ሁሉ በመጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1978 ዐረፉ። ዩኒቨርሲቲው ግን በ1976 ገንዘብ አጥሮት በነጻ ማስተማሩን ትቶ ነበር፤ በ1990ዎቹም መጨረሻ በአራት ዓመት ኮሌጆቹ ውስጥ ለደካሞች የሚሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርት እንዲቀር ተወሰነ። ችሎታ አላቸው የተባሉት ቀርተው በር መዝጋቱ ለበጀቱ የቀለለ ሆኖ ተገኘ።

ለቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የወይዘሮ ሾነሲ አሳብ እንግዳ አይሆንባቸውም። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ሲወጣ፤ ለብቻው ሆኖ የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ምን ለማለት እንዳሰበ ይጠይቀዋል፤ ሰሙ ከወርቁ የተለያየበትን ስፍራ አሳይቶ በዚያው ያቀናለታል። ቍጣና ተግሣጽ በቅኔ ቤት አልጎደለም፤ ይሁን እንጂ ግእዝ የማንም የእናት ቋንቋ ስላልሆነ፤ ተማሪው ሳይማር ሊያውቀው ይገባው ነበር ብሎ የሚፈርድበት የለም። የኮሌጅ ጽሕፈትም እንደዚሁ ነው። ማንም ከእናቱ ጡት ጋር አልጠባውም፤ የሃርቫርድ የባለጸጋ ልጆች እንኳ አልጠቡትም።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ይበልጥ ይከብዳል። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተከፈተ ጀምሮ የከፍተኛው ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ አዲሱ ተማሪ ድርሰትንም ቋንቋውንም ባንድ ጊዜ ይማራል። አማርኛ ድርጊቱን ሁሉ መጥቶ፤ ተቀምጦ፤ በልቶ፤ ጠጥቶ እያለ አያይዞ በመጨረሻው ግሥ ያሥረዋል። ተማሪው ይህንኑ ይዞ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ዓረፍተ ነገሩ መቋጫ ያጣል፤ አራሚው ዝርክርክ ነው ብሎ በቀይ ያሠምርበታል፤ ልጁ ግን ያገሩን ሰዋስው በታማኝነት ጠብቋል። ይህን የሚያውቅ መምህር በሩብ ሰዓት ሊያስረዳው ይችላል፤ የማያውቅ ግን አራት ዓመት ሲያሠምርበት ይኖራል።

በ2015 ዓ.ም. መባቻ የተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጥ፤ ከተፈታኞቹ ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ሆኑ። መንግሥትም ለማለፍ ከቀረቡት መካከል ብዙዎቹን በየዩኒቨርሲቲው የማካካሻ ትምህርት እንዲማሩ አስገባቸው። በሩን መክፈቱ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ልጆቹ ከገቡ በኋላ የሚጽፉትን ወረቀት የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል፤ የዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪዎች የመምህሩን ሥራ ሲመድቡም በክፍል የሚቆምበትን ሰዓት ቈጥረው፤ በቤቱ መብራት አብርቶ የሚያርምበትን ሰዓት እንደ ሥራ የማይቈጥሩት ከሆነ፤ የስልሳ ተማሪ ድርሰት በጠረጴዛው ላይ የተከመረበት መምህር ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ማርክ ሰጥቶ ሳያነብ ያልፋል፤ ወይ ከዚያ በኋላ ድርሰት አያዝዝም።